ቆይ እንዳትነኩት!

ዛሬ ላመሰግናቸው የምፈልጋቸው ወገኖች አሉ። ምግቡ ጠረጴዛ ላይ አርፎ እጃችንን ስንሰድ "ቆይ ቆይ እንዳትነኩት!" ብለው ስልክ የሚያወጡት። እነሱ ባይኖሩ እኮ እኛ ሆዳሞቹ ሁሉን ነገር በትኩሱ እንበላው ነበር፣ ምላሳችንን ስንቴ ከቃጠሎ እንዳተረፉት እግዜር ይቁጠርላቸው።

ባለፈው ከነዚህ ጀግኖች አንዱጋ ሐረር ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ 312 ፎሎወሮቹ ይከፋቸዋል። በአውሮፕላን ድሬዳዋ፣ ከዛ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥተን አንድ ማታ አድረን በጠዋት መመለስ ነው ፕሮግራሙ። አይበቃም አልኩት። "ኧረ ይተርፈናል፣ ግንብ አይደል እንዴ" አለኝ። እውነቱን ነው። ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1855 ሐረር ገብቶ 10 ቀን ፈጅቷል፣ ምስኪን፣ ባትሪ የሚያልቅበት ስልክ ስላልነበረው መቼ መውጣት እንዳለበት በምን ይወቅ።

ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ የገባነው ከሰአት ነው። በዛ ሰአት ከተማው ጭጭ ይላል፣ ሰው በርጫ ላይ ነው፣ ሱቁ ገርበብ፣ በጠባቡ መንገድ ላይ ድመት ብቻ፣ መኪና ግርግር የሚሉት የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስትደርስ ነው የስፌት ማሽኑ የሚሰማህ። ወዳጄ ዝምታው ስላላማረው ሙዚቃ ከፈተ። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ማን ያያል? አስጎብኚያችን፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ግንቡን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሰራው፣ የጥንቶቹ በሮች አምስት እንደሆኑ ምናምን እየነገረን እያለ "ወንድሜ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ በልልኝ፣ ፍሬም ውስጥ ገባህ" ተባለ። ፈቀቅ አለ፣ ታሪኩም አብሮት ፈቀቅ አለ፣ ግንቡ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል። ዩኔስኮ ራሱ በ2006 ጀጎልን መዘገበ እንጂ መች ሪል ሰራበት።

ከዛ አንድ የድሮ የሐረሪ ቤት ገባን። ነደባ የሚሉት አለ፣ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሰራ መቀመጫ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በወግ የተለየ ነው፣ ግድግዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን። ወዳጄ ቀጥ ብሎ ሄዶ የአባወራው ቦታ ላይ ጉብ አለና "ያንን ትልቁን ስፌት አውርዱልኝ፣ እጄ ላይ ልያዘው" አለ። የቤቱ እናት አዩት አዩትና "ልጄ፣ መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ" አሉት። እሱ ግን ጫማው አዲስ ነው፣ ፎቶው ውስጥ መግባት አለበት። እንዲህ ያለ ጽናት ያለው ወጣት ነው ያለን።

ደግሞ እንዳትስቁበት፣ ነገሩ በከተማው ታሪክ ያለው ነው። ራምቦ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ ነጋዴ ሆኖ ሐረር በነበረ ጊዜ፣ ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ በ1883 ራሱን በራሱ ፎቶ አንስቷል። ውሃው መጥፎ ሆኖ ፎቶዎቹ ነጥተው እንደወጡበት ለቤተሰቦቹ ጽፏል። እንግዲህ ሐረር ላይ ሰልፊ ያስጀመረው እሱ ከሆነ የኛ ሰውዬ የሱ ደቀ መዝሙር ነው ማለት ነው፣ በግጥሙ ባይሆንም። በስሙ በተሰየመው ሙዚየም የድሮ ሐረር ፎቶዎች ተሰቅለው አሉ፣ እነሱንም ፎቶ አነሳቸው፣ አንዱንም ግን ቆሞ አላየውም፣ "ቤት ስገባ አያቸዋለሁ" አለኝ።

አሁን ወደ ምግቡ። ሁልበት መረቅ አዘዝን፣ አብሽ ያለበት የስጋ መረቅ ነው፣ ሽታው ብቻውን ያስርብሃል። መጣ። ቆይ እንዳትነኩት! ቆየን። አንግል ሲፈለግ እንፋሎቱ ጠፋ። እንፋሎት የሌለው መረቅ ደግሞ ካሜራ ላይ የእጣቢ ውሃ ነው የሚመስለው አለና አሙቁልኝ ብሎ መለሰው። መጣ፣ አሁን ደግሞ መብራቱ ልክ አይደለም፣ በር አጠገብ ይሁን፣ እንደገና ይሙቅ። ሶስት ጊዜ ኩሽና ገብቶ ወጣ፣ አስተናጋጇ መጨረሻ ላይ "አቦ ብሉ እንጂ፣ መረቁ አለቀ እኮ!" አለች። እሱማ ከመጀመሪያውም አልበላም፣ አብሽ ሆዱን ይነፋዋል፣ ሆቴል ተመልሶ ፓስታ ነው የበላው። ፖስቱ ስር "የሐረር ጣዕም 😍" ብሎ ጽፏል።

ማታ ፈቲራ ቤት ወጣን። ልጁ ሊጡን ዘይት የተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ ይዳምጠውና አንስቶ ያወናጭፈዋል፣ ይዘረጋል ይዘረጋል፣ ሳስቶ ሳስቶ የአምፖሉ መብራት በሱ ውስጥ እስኪታይ፣ ከዛ እንቁላሉን መሀሉ ላይ አፍስሶ አራቱን ጫፍ እንደ ፖስታ ያጥፈውና ምጣዱ ላይ ጭው። ከአራት ሰከንድ አይበልጥም ውርወራው። "አንዴ ድገመው፣ ፎከስ አልያዘልኝም።" ልጁ "ሊጡ ምጣድ ላይ ነው እኮ አባቴ፣ ሌላ እዘዝ" አለው። አዘዘ። ሶስተኛው ላይ ተሳካ፣ ያኔ ሶስቱም ጠረጴዛ ላይ ማር ጠጥተው ልፍስፍስ ብለው ነበር። ጫፉን ቀመሰና "ቀዝቅዟል፣ ከ10 ስድስት" ብሎ ፈረደ። ስድስትም ቸርነት ነው፣ አራት ሊል ሁሉ ይችል ነበር።

ከዛ ወደ ጅቦቹ፣ ከግንቡ ውጭ፣ በባጃጅ መብራት። ስጋው በእንጨት ጫፍ ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ወዳጄ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ተንበረከከ፣ ስልኩ እኔጋ ነው። ጅቡ መጣ፣ ወዳጄ እንጨት በነከሰ አፉ "ኦይ ኦይ... ኢንግል..." የሚል ነገር ሲያሰማኝ ገባኝ፣ ቆይ እያለኝ ነው። እኔ ቆየሁ። ጅቡ አልቆየም። በዛች ቀን ከሁላችንም ምግቡን ጊዜው ሳያልፍበት የበላው እሱ ነው።