ማስተማሩ ሕክምናውን መተው አይደለም
ስለ አንዲት አንጋፋ ክሊኒካል ሶሻል ወርከር (የሥነ ልቦና ሕክምናም የሚሰጡ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ባለሙያዋ ወደ ማስተማሩ ሲያዘነብሉ የሳይኮቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) ሥራቸውን እንደተዉ አድርጎ ማቅረቡ ትክክል አይመስለኝም። በዚህ ሙያ ማከምና ማስተማር አብረው ያደጉ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ ስሚዝ ኮሌጅ የተጀመረው ሥልጠና የአንደኛው የዓለም ጦርነት አእምሯቸውን የጎዳባቸውን ወታደሮች የሚረዱ ባለሙያዎችን ለማፍራት የታሰበ ሲሆን፣ ተማሪዎቹም ከክፍል ትምህርቱ ቀጥለው ወደ ሕክምና ተቋማት ይላኩ ነበር። እኔም ሠልጣኞችን ስለምከታተል ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ። ሠልጣኙ ከታካሚው ጋር የተነጋገረውን ከትዝታው ቃል በቃል ጽፎ፣ በኅዳጉ ላይ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የተሰማውን አስፍሮ ያመጣል፤ አብረን ስናነብ ታካሚዋ ዝም ባለችበት ቦታ ላይ ፈጥኖ ጥያቄ አስከትሎ ከሆነ፣ ዝምታው የከበደው ለእርሷ ይሁን ለእርሱ እጠይቀዋለሁ። ይህን ዓይነቱን መስመር ለይቶ ለማየት አስተማሪው ራሱ ከታካሚ ፊት መቀመጡን ማቋረጥ የለበትም፤ ባለሙያዋ ጥቂት ታካሚዎቻቸውን እንደያዙ መቆየታቸውም ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። በዚያው ጽሑፍ ሥር «ሶሻል ወርከር እርዳታ ያፈላልግ እንጂ ሳይኮቴራፒ የሳይኮሎጂስት ሥራ ነው» ያሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ፣ በቤተሰብ ሕክምና ስሟ የገነነው ቨርጂኒያ ሳቲር በሙያዋ ሶሻል ወርከር እንደነበረች ቢያስቡ እወዳለሁ፤ እንቅልፍ ያጣን ሰው ስለ ጭንቀቱ እያነጋገሩ የቤት ኪራዩ ምን ላይ እንደደረሰ አለመጠየቅ ሕክምናውን ጎዶሎ ያደርገዋልና፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የሠለጠነ ሰው በዚያ ወንበር ላይ መቀመጡ ተገቢ ነው።