ጀምበርን በጀርባ የማየት ጥበብ

በዓል በመጣ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ለሚወርደው ወገን ምስጋና ሲያንሰው ነው። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህላል። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ። ኮስተሩ ውስጥ ጉልበት ከፊት ወንበር ጋር ይጋጫል፣ የጎረቤት ፌስታል ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ሽንት ቤት ሲባል ሹፌሩ አይሰማም። ይህ ሁሉ መከራ ለምንድን ነው? ማታ ሐይቁ ላይ በጀልባ ወጥቶ ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት። እና ሳያዩ ለመመለስ።

የእኔ አድናቆት ሳያዩ መመለሱ ላይ ነው። ማየትማ ማንም ያያል። «ፍቅር ሐይቅ» በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ቁጭ ያለ የሐዋሳ ልጅ በየማታው በነፃ ያያታል። ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ ጀምበር የምትገባው ልክ ፊት ለፊቱ ነው፣ ከውሃው ማዶ ካሉት ኮረብቶች ጀርባ። እሱ እፍኝ ለውዝ ይዞ ዝም ብሎ ያያል። ይሄ ምን ጥበብ አለው? ጥበብ ማለት ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ጀልባ ተሳፍሮ፣ እሷው ድረስ ሄዶ፣ ከዚያ ጀርባ መስጠት ነው።

ቀጠሮው 10 ሰዓት ላይ ነው። 10 ሰዓት ላይ የተገኘው ጀልባ ነጂው ብቻ ነው። አንዷ ፀጉሯን እየተተኮሰች ነው። ሁለቱ ዓሣ ሊበሉ አሞራ ገደል እንደሄዱ አልተመለሱም። አንዱ «ደርሻለሁ» ብሏል፣ ደርሻለሁ ማለት ደግሞ ከአልጋ ተነስቻለሁ ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ አገር ቀጠሮ የምታከብረው ጀምበር ብቻ ናት። ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትገባለች። ከጉዞው አስተባባሪ ጋር ግን አልተነጋገሩም።

ጀልባው ስንት ሰው እንደሚይዝ ይታወቃል። ቁጥሩ ግን ለሌላ ሰው ነው የወጣው። ለእኛ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለልን። ታክሲ ውስጥ የተማርነው ትምህርት ውሃ ላይም ይሠራል።

ላይፍ ጃኬቱስ? ይታደላል። ብርቱካናማ ነው፣ ከቀሚስ ጋር አይሄድም። ደግሞ ለጉዞው ተብሎ የታተመውን ቲሸርት ይሸፍናል። ስለዚህ ከታች ይነጠፍና መቀመጫ ይሆናል። እንጨቱ ይቀዘቅዛል እኮ።

«እህቴ፣ ልበሽው እንጂ» ይላታል ጀልባ ነጂው።

«እሺ ወንድሜ፣ ፎቶ ላይ ነኝ፣ ስጨርስ እለብሰዋለሁ።»

የምትጨርሰው መሬት ስትረግጥ ነው።

ስፒከሩን ለብቻው ላመስግነው። በጉዞው ሁሉ ከሰው ቀድሞ ቦታ የሚያዝለት እሱ ነው። ኮስተር ውስጥ ከፊት፣ ጀልባ ላይ ከመሃል። የአንዱ ልጅ እናት ቆመው እሱ ይቀመጣል። ባትሪው እንዳያልቅ ቀኑን ሙሉ ሲሞላ የዋለውም እሱ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ የተኛው በጥንት የእሳተ ገሞራ ገንዳ ውስጥ ነው። ምድሩ ድሮ ፈንድቶ፣ ሰምጦ፣ ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታ ስንት ሺህ ዘመን ሲያስጨንቀው ኖሮ ይኸው ደረስንለት። ዓሣ አጥማጆቹ ማለዳ ሊያወጡት መረባቸውን የሚጥሉት በዚሁ ሰዓት ነው። ቆሮሶውም አምባዛውም ሙዚቃ ይወድ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ግን ማን ይጠላል?

ሦስት ጀልባ ሲቀራረብ ደግሞ ማየት ነው። አንዱ ትግርኛ ለቋል። አንዱ ጉራጊኛ። ሦስተኛው አማፒያኖ። የትኛውም አይለይም፣ ሁሉም ግን ይጮሃል። የብሔር ብሔረሰቦችን ቀን ለማክበር ኅዳር 29ን መጠበቅ ቀረ። ጉራጊኛው ሲያሸንፍ ሁሉም ይዘላል። ጀልባ ላይ መዝለል ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ጀልባ ነጂው ነው። እሱ አይዘልም፣ ግን ልቡ አብራ ትዘላለች።

ከሁሉ የማደንቀው ለዝምተኛ ሰው ያለንን ርኅራኄ ነው። አንድ ሰው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ካየ አበቃለት። ወዲያው ይከበባል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«አኩርፈሃል እንዴ?»

«ኧረ አላኮረፍኩም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ደበረህ?»

«ጀምበሯን እያየሁ ነው።»

ይህን ጊዜ ነገሩ ከባድ መሆኑ ይታወቃል። አንዷ በጆሮው «ተጣላችሁ እንዴ?» ትለዋለች። ሌላው ቢራ ይከፍትለታል። አስተባባሪው ማይኩን ያነሳና «ወገን፣ እዚህ ጋ አንድ የደበረው ሰው አለን፣ እስቲ እናነቃቃው!» ይላል። እስክስታ እስኪወርድ ድረስ ማንም አይለቀውም። ለገና ከዲሲ የመጣ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ይጠነክራል። «አሜሪካ ብቸኝነቱ እንዲህ አደረገው» ተብሎ ለእናቱ ይደወላል። እናት እዚያው ስልክ ላይ ጸበል ያስባሉ። ሰውየው የፈለገው አንድ አሥር ደቂቃ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ዕዳ አለበት፣ ወይ ሊያገባ ነው።

ጉማሬዎቹም ውለታችንን አይረሱትም። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። እኛ የምንደርስበት ልክ በእራቱ ሰዓት ነው። ጆሮውንና አፍንጫውን ብቅ ሲያደርግ «ጉማሬ! ጉማሬ!» ይባልና ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይፈሳል። ጀልባው ያጋድላል። «ኧረ ሚዛን ጠብቁ! አንድ ጎን አትሁኑ!» ይጮኻል ጀልባ ነጂው። ስፒከሩ ግን ይበልጠዋል። ጉማሬ በአፍሪካ ሰው በመግደል ስማቸው ከሚጠራ እንስሳት አንዱ ነው። ለእኛ ግን ሰልፊ ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ ቀረብ በልልን፣ በዙም አይጠራም።»

እንግዲህ ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ጀምበሯ ቀላች። ከኮረብታው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። ጠርዟ ከነካው በኋላ ጨርሳ ለመሰወር ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። ያለነው ለምድር ወገብ ቀረብ ባለ አገር ነው። ጀምበራችን ወደ ታች ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ልሂድ ልቅር እያለች አታስጠብቅም። በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ጀልባው ላይ የሚሠራውን ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት በበጀት ዓመቱ አይጨርሰውም።

ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት በጀልባው አፍንጫ ላይ ይቆማል። መዳፉን ዘርግቶ ጀምበሯን ሊይዛት ነው። ጓደኛው ስልኩን ይዞ ተንበርክኳል።

«ትንሽ ዝቅ አድርገው። በዛ፣ በዛ! ከፍ። ወደ ግራ። በኔ ግራ!»

ጀልባው ትንሽ ይዞራል። ጀምበሯ ከመዳፉ ወርዳ ትከሻው ላይ ትቀመጣለች። ወጣቱ ተከትሏት ይዞራል። አንዷ ከኋላ በእግሯ ትረግጠዋለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ እግረ መንገዷን ፎቶው ውስጥ ትገባለች።

«ቆይ፣ ቆይ። ስልኩ ሞልቷል ይለኛል።»

«አጥፋለት አንዱን!»

«የቱን?»

«አባ ኮዳውን አጥፋው!»

«አባ ኮዳው ላይ እኮ እኔም አለሁበት።»

ጠዋት አሞራ ገደል ከዚያ ራሰ በራ ወፍ ጋር የተነሳው ፎቶ ነው። ክርክሩ በዚህ ላይ ይካሄዳል። በመጨረሻ ከሥራ ቦታ የመጣ አንድ ደብዳቤ ይጠፋል። ጀምበሯ ግማሽ ቀርታለች።

«አሁን! አሁን! ያዛት!»

ይይዛታል። ፎቶው ሲከፈት መዳፉ ላይ ያለችው የሌላኛው ጀልባ መብራት ናት። ታምራለች ግን።

የቀረነውስ? ተሰልፈን ጀርባችንን ሰጥተናል። ጀምበር ከኋላ ስትሆን ስልክ ፊትን ጥቁር ያደርጋል። ስለዚህ ፍላሽ ይበራል። የብርሃን ሁሉ እመቤት ከኋላችን ቆማ እኛ በባትሪ እንተያያለን። ሆቴል ስንገባ ደግሞ የጀምበሯ ቀለም አነሰ ይባላል። ፊልተር ይፈለጋል። እውነተኛዋ ጀምበር ላይ የጀምበር ቀለም ይቀባል፣ ያኔ ነው እውነት የምትመስለው።

አንዷ ላይቭ ገብታለች። «ሰላም ናችሁ የኔ ቤተሰቦች! ሐዋሳ ነው ያለነው፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ያለው። ይሰማል? ድምፅ አለ? የሚሰማችሁ እስቲ ልብ ላኩልኝ።» ልብ ይዘንባል። ስም እየጠራች ታመሰግናለች። ከጅዳ የሚከታተል አንድ ወንድም «እህቴ፣ ዞር በይ፣ ከኋላሽ ጀምበሯ እየገባች ነው» ብሎ ይጽፋል። «እናመሰግናለን የጅዳው ወንድማችን፣ እኛም እንወድሃለን» ትላለች። በዚያ ምሽት የሐዋሳን ጀምበር ከነሙሉ ክብሯ ያያት እሱ ብቻ ነው። ትኬትም አልቆረጠም።

ለሐይቁ የምንተወውን ስጦታም መርሳት አይገባም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሌላ ቦታ የጣልከው የውሃ ጠርሙስ ወንዝ ይዞት ይሄድና ደብዛው ይጠፋል። እዚህ የትም አይሄድብህም። ለፋሲካ ስትመለስ ቄጠማው ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ሰው ለትዝታ ስሙን ዛፍ ላይ ይፈለፍል ነበር፣ እኛ ሠልጥነን በጠርሙስ ሆነልን። ክዳኑን ለብቻ፣ ጠርሙሱን ለብቻ እንጥላለን፣ ሁለት ቦታ እንድንታወስ።

ጨለማው ቶሎ ይመጣል። ሰው የሚነቃው ፊቱን መለየት ሲያቅተው ነው።

«ካፒቴን!» ይላል አስተባባሪው። ሲነሱ «ሹፌር» ነበር፣ ሲመሽ ማዕረግ ያድጋል። «ካፒቴን፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትጠልቀው?»

«ማን?»

«ፀሐይዋ ናታ!»

«ጠልቃለች እኮ።»

«መቼ?»

«እናንተ ስትዘሉ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ስፒከሩ ይቀነሳል።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም? ሥራህ አይደለም እንዴ?»

«ነግሬያችኋለሁ። ሚዛን ጠብቁ ስል 'በምዕራብ በኩል ናት' ብያለሁ።»

«እኛ የሰማነው ሚዛኑን ነው። እሱንም አልጠበቅንም።»

ከዚያ ወደ ሂሳቡ ይገባል። ሳናያት ሙሉ ክፍያ እንዴት ይሆናል? ጀምበር ለማየት ነው የተስማማነው፣ ጀምበር የለችም። ሕግ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም፣ «ውሉ አልተፈጸመም» ይላል። ጀልባ ነጂው ሰውዬው እስኪጨርስ ይታገሣል።

«ወንድሜ፣ ለእኔ የምትከፍሉኝ ለነዳጅ ነው። እሷን ነገም በዚሁ ሰዓት ታገኟታላችሁ፣ ለሷ አልከፈላችሁም።»

«ነገ እንመለሳለን እኮ!»

«እንግዲህ እሷን ጠብቂን በሏት።»

የአንዱ ልጅ እናት፣ እነዚያ ቆመው የመጡት፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። በመጨረሻ ሂሳቡ ሙሉውን ይከፈላል፣ በቴሌብር፣ ኔትወርክ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት ተቆሞ። ያን ጊዜ ከሐይቁ በላይ ጨረቃ ወጥታለች። የሚያያት ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ገንዘቡ ገባ ወይ አልገባ የሚለውን መልእክት እያየ ነው።

ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የቴሌግራም ግሩፑ ይንጫጫል። አስተባባሪው ጽፏል፦

«ውድ ተጓዦቻችን፣ የዛሬው የጀምበር ፕሮግራማችን በታላቅ ድምቀት ተጠናቋል። ፎቶዎቻችሁን ፖስት ስታደርጉ ታግ ማድረግ እንዳትረሱ። አንዳንዶቻችሁ ጀምበሯ ቶሎ ገባችብን የሚል ቅሬታ አቅርባችኋል፣ ቅሬታችሁን ተቀብለናል። በዚሁ መሠረት ለጥምቀት አርባ ምንጭ ስንሄድ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጠዋት ስትወጣ የምናያት ይሆናል። መነሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማርፈድ ፈጽሞ አይቻልም። አዞ ስላለ እጅ ከጀልባ ውጭ ማድረግ የሚቻለው ለፎቶ ብቻ ነው። ስፒከሩ አነሰ ላላችሁ ደግሞ አይዟችሁ፣ ሁለተኛ ተከራይተናል።»