ስሙ የጠፋው በግፍ ነው? በ«ሳርጀንት ፔፐር» ፊልም ላይ የተደረገ ክርክር

ሮበርት ስቲግዉድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ሳተርደይ ናይት ፊቨር»ን፣ በ1978 ደግሞ «ግሪስ»ን ፕሮዲውስ አድርጎ ሁለቱም ተሳክተውለት ነበር። በዚያው ዓመት ሌላ የሙዚቃ ፊልም፣ «ሳርጀንት ፔፐር»ን፣ አወጣ። ስሙን የወሰደው ከቢትልስ የ1967 አልበም ነው። ወደ ሠላሳ የሚጠጉ የቢትልስ ዘፈኖች ተገጣጥመውበታል። ዋናዎቹ ተዋንያን የወንድማማቾቹ የዘፈን ቡድን ቢጂስና ዘፋኝና ጊታሪስቱ ፒተር ፍራምፕተን ናቸው። ታሪኩ ሃርትላንድ ከምትባል ከተማ ስለተሰረቁ አስማተኛ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነው። ሃያሲያን አብጠለጠሉት። ያ መጥፎ ስም ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

ይገባዋል ባይ፦

ቢትልስን እወዳለሁ፤ ለዚህም ነው ይህ ፊልም የሚያናድደኝ። ትልቁ ችግሩ ሰዎቹ አለመናገራቸው ነው። ቢጂስም ፍራምፕተንም ዘፋኞች እንጂ ተዋናዮች አይደሉም። ስለዚህ ንግግሩ ከአፋቸው ተወስዶ ለኮሜዲያኑ ጆርጅ በርንስ ተሰጠ። እሱ የከተማዋ ከንቲባ ሆኖ ይተርካል፤ እነሱ ሳይዘፍኑ ሲቀሩ ፈገግ ይላሉ፣ ያፈጣሉ፣ ይሮጣሉ። አንዲት ቃል ለማይተነፍስ ሰው እንዴት ልዘንለት?

ቀብሩን እዩት። የፍራምፕተን ፍቅረኛ ሞታለች። ስሟ ስትሮቤሪ ፊልድስ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ የቢትልስ ዘፈን ስላለ ብቻ የልጅቷ ስም ሆነ። ቢጂሶች አስከሬኗን ተሸክመው ምን ይዘፍናሉ? «ኬሪ ዛት ዌይት»! ግጥሙ ውስጥ «ሸክም» የሚል ስላለ ሬሳ አሸከሟቸው። በቢትልስ «አቢ ሮድ» አልበም ላይ ያ ሸክም ምን እንደሆነ አይነገረንም፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን እናስብበታለን። እዚህ ግን የሬሳ ሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ።

አይገባውም ባይ፦

ወንድሜ፣ ቀብሩን ተውኩልህ። ግን በፊልሙ ውስጥ የሚዘፍኑትን የኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር ባንድ እንዴት ዘለልካቸው? «ጋት ቱ ጌት ዩ ኢንቱ ማይ ላይፍ»ን ቢትልስ በ1966 ሲቀዱት ትራምፔትና ሳክስፎን ነበረበት። ኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ይዘው ዘፈኑን ፈንክ ወደሚባለው የዳንስ ስልት ወሰዱት። አሜሪካ ውስጥ በፖፕ ሰንጠረዥ 9ኛ፣ በአር ኤንድ ቢ 1ኛ ወጣ። የሮክ ባንዱ ኤሮስሚዝም በፊልሙ «ከም ቱጌዘር»ን የራሳቸው አድርገውታል።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለው የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ነፍስ ዘርቶ ኪቦርድ ተጫዋቹን ቢሊ ፕሬስተንን ይሆንና «ጌት ባክ»ን ይዘፍናል። በ1969 ይህ ዘፈን በሸክላ ሲወጣ «ቢትልስ ከቢሊ ፕሬስተን ጋር» ተብሎ ነው የታተመው። ሰውዬው ከመነሻው የነበረበትን ዘፈን ነው የሚዘፍነው! የፊልሙን ሙዚቃ ያዘጋጀውስ? የቢትልስ ፕሮዲውሰር የነበረው ጆርጅ ማርቲን ራሱ ነው።

ይገባዋል ባይ፦

የቆጠርክልኝ ሁሉ ሸክላ ነው። እሱን ዓይኔን ጨፍኜ እሰማዋለሁ። ኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር ያማሩት እኮ መድረክ ላይ ወጥተው ኮንሰርት ስለሚያቀርቡ ነው፤ ታሪኩ አልነካካቸውም። ፕሬስተን ግን ተነካካ። እየዘፈነ ከጣቱ መብረቅ እየወረወረ ክፉዎቹን ይለውጣል፣ የሞተችውንም ያስነሳል። አሁን ቀብረናት አልነበር? ሞቷ በአንድ ዘፈን ከተሰረዘ ያ ሁሉ ለቅሶ ለምን ነበር? ፍራምፕተንም ይቆጨኛል። በ1976 ባወጣው የኮንሰርት አልበም ጊታሩን የሚያናግር ሰው ነበር፤ እዚህ መልኩን ብቻ ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ ያ ዝናው አልተመለሰም።

አይገባውም ባይ፦

የፍራምፕተንን ጉዳት ሁሉ ፊልሙ ላይ አትጫን። በዚያው በ1978 ባሃማስ ውስጥ ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶበታል። ቢጂሶችማ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1979 ባወጡት አልበም፣ ሦስት ዘፈኖቻቸው አሜሪካ ውስጥ 1ኛ ወጡ።

ታሪኩ ደካማ ነው፤ በዚህ አልከራከርህም። የእሱ ተጠያቂ ሐሳቡን ያመጣው ስቲግዉድ ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ዘፋኞቹ አብረው መረገማቸው ነው። ከቢጂሶች አንዱ ሮቢን ጊብ «ኦ! ዳርሊንግ»ን ሲዘፍን ስማው። ያ ሰው እየቀለደ ነው? ድምፁ እስኪንቀጠቀጥ ከልቡ ነው የዘፈነው። ፊልሙን ውቀሰው። እሱን ግን አብረህ አትቅበርብኝ።