ወርቅ ፍለጋ ግንብ የምንንድ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ በጣና ዙሪያ ባለ አንድ የንጉሥ ግንብና አትክልት ቦታ ፍርስራሽ ላይ የተፈጸመውን ይቅር ማለት አቅቶኛል። የቦታውን ስም የማልጠራው ለሌላ ቆፋሪ አድራሻ እንዳይሆን ነው። «ንጉሡ ወርቅ ቀብሮበታል» ተባለና ዶማና ዲጅኖ የያዙ ሰዎች በሌሊት ሄዱ። ሜዳውን ትተው ከግድግዳው ሥር ጀመሩ፤ መሠረቱን ተከትለው ከሰው ቁመት በላይ ወረዱ። እንዲህ ያለ የድሮ ግንብ ሁለት ፊቱ በድንጋይ ተገንብቶ ሆዱ በስብርባሪ ድንጋይና በኖራ የተሞላ ነው። ሥሩ ሲራቆት ክረምት ገባበት፤ ውኃው ኖራውን አጠበው፣ ሆዱ አበጠ፣ ግድግዳው ወደ ጉድጓዱ ተደፋ።

ወርቅ የሚባል ነገር አልወጣም። ከዚያ በኋላ ግን እኛ መጣን፤ በጠራራ ፀሐይ፣ አህያ እየነዳን። ጥርቡን ድንጋይ ለአጥርና ለበረት ተከፋፈልነው። የተቆፈረው አፈርስ የት ተደፋ? አትክልቱን ያጠጣ በነበረው ገንዳ ውስጥ! የሌሊቶቹን ሌባ ብለናቸዋል፤ ለቀኖቹ ለእኛ ስም አላወጣንም።

ከግንቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ አትክልት ቦታው ነው። ግንብ ቢፈርስ ድንጋዩ ይመሰክራል። ከአትክልት ቦታ የሚተርፈው ግን እርከን፣ የቦይ መስመርና ጠቆር ያለ አፈር ብቻ ነው፤ አንዴ ከተገለባበጠ ባለሙያም አያነበውም። አዘዞ ላይ፣ ጎንደር አፍንጫ ሥር፣ የአፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ፣ ቤተ ክርስቲያንና አትክልት ቦታ፣ ከነገንዳው አለ። ከስፔን ድረስ መጥተው አጠኑት፤ እኛ በታክሲ እናልፈዋለን።

እባካችሁ፣ ስታርሱ ወይም መሠረት ስታወጡ የኖራ ፍርፋሪ ወይም በመስመር የተደረደረ ድንጋይ ካያችሁ አቁሙ። አትንቀሉት፣ በውኃ አትጠቡት። አጠገቡ ሜትር፣ ከሌለም አካፋ አጋድማችሁ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱት። በዚያው አፈር መልሳችሁ ሸፍኑት፤ ዝናብና ፀሐይ ካገኘው አፈር ውስጥ የኖረውን ያህል አይቆይም። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቀው ያዛል። ቢሮው ያመላልሳችሁ ይሆናል፤ እናንተም ተመላለሱበት።

አጥራችሁ ላይ ያለውን ጥርብ ድንጋይ ግን አሁን አትመልሱት፤ ከየት እንደተነሳ ካላወቃችሁ መመለሱ ሌላ ጥፋት ነው። አትፈልጡት ብቻ። የትኛው እንደሆነ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ የሚጠይቅ ሰው ይመጣ ይሆናል።