ይድረስ ለክቡር ካርቡሬተር

ለክቡርነትዎ፦ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎን ስገፋ ከሚያጠምቀኝ ላብ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ጉዳዩ፦ በአሮጌዋ ቮልስዋገኔ ላይ ስለሚፈጽሙት በደል።

ክቡር ሆይ፣ የተሾሙበት ሥራ ይህን ያህል የሚያስኮራ አይደለም። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ማደባለቅ ነው፤ በቃ። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮዎ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑም ተስቦ ይወጣል። ድካሙ የአየሩ፣ ክብሩ የእርስዎ!

ባሕር ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ብሎንዎ ሲስተካከል ጨዋ ነዎት። ከፍ ብላ ወደተቀመጠችው ደብረ ማርቆስ ስንደርስ አየሩ ይሳሳል፤ እርስዎ ግን የለመዱትን ቤንዚን መቀነስ ነውር ይመስልዎታል። ጥቁር ጭስ እየለቀቁ አገሩን ያጥናሉ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ስንል ደግሞ ቤንዚኑ በሙቀት ቱቦው ውስጥ ይተናል፣ እርስዎም «አልደረሰኝም» ብለው ቀጥ ይላሉ። በዚያ ሐሩር ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዝሁ የምቆመው እኔ ነኝ። (ይህኛው ጥፋት የእርስዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስድቡ ግን ለእርስዎ ተዘጋጅቶ ስለነበር እንዲባክን አልፈለግሁም።)

የዋሸራ የቅኔ ተማሪ እንኳ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ይመረቃል፤ የእርስዎን ቅኔ የሚፈታ መምህር ግን አልተገኘም። ጥቁር ጭስ ሲወጣ ሰሙ «ቤንዚን በዛ» ነው፤ ወርቁ የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ ተዘግቶ የቀረ ቾክ (የአየር መግቢያው ክዳን) ወይም ተበስቶ የሰጠመ ተንሳፋፊ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ በዝግታ) አልሠራም ብሎ ሲጠፋ ወርቁ ወይ የተደፈነች ቀጭን ቀዳዳ ናት፣ ወይ ከሥርዎ ባለው ማሸጊያ ሾልኮ የገባ አየር። አንዳንዴም እርስዎ ከደሙ ንጹሕ ነዎት፣ ጥፋተኛው ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ነው፤ ይህን ግን ሜካኒኩ የሚደርስበት እርስዎን ብትንትን አድርጎ ሒሳብ ከጠየቀ በኋላ ነው።

መንገድ ላይ በቆሙ ቁጥር አማካሪ አያጡም። ሽቦ ይዞ ቀዳዳዎን ሊጎረጉር የመጣውን ግን ከልክያለሁ። አዝኜልዎት እንዳይመስልዎ! ያች ቀዳዳ በሽቦ ከሰፋች ልኳ ስለሚጠፋ፣ ቤንዚኑን የምከፍለው እኔ ስለሆንሁ ነው። እርስዎን በአየር መንፋት ይበቃል።

ዘርዎንም አጥንቻለሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስዋገን በር ላይ አስነጠሰች ሲባል አልሰማሁም። ወታደር ባለበት ቀጥ ብሎ መሥራት ትችሉበታላችሁ ማለት ነው።

አሁን የቤንዚን ማጠራቀሚያው (ሰልባትዮው) ከዝገት ጸድቷል፣ አዲስ ማጣሪያም ገብቶልዎታል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የሚሸጠውን፣ ውሃና አሸዋ የተመረቀበትን ቤንዚንም ትቻለሁ። ምክንያት አልቆብዎታል። ጠባይዎ እስኪታይ ድረስ ግን መኪናዋን የማቆመው ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው።

ከማይገባዎት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለካንዴላው (ተራው ስለማይቀርለት)
መኪና ለሚገፉ የሰፈራችን ወጣቶች (ለጊዜው ከአካባቢው እንዳይርቁ)