ይድረስ ለጋሽ ሲስሎግ

ጋሽ ሲስሎግ፣ እንደምን ሰነበቱ? የኔትወርክ መሣሪያዎች የሆነባቸውን ሁሉ ለሰርቨር የሚያወሩበት ዘዴ እርስዎ ነዎት። እኔ ደህና ነኝ፣ የሰርቨሬ ዲስክ ግን በእርስዎ ወሬ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ዛሬ ጠዋት የስዊቹ (ኮምፒውተሮቻችን በየፖርቱ፣ ማለትም በየመሰኪያው፣ የሚሰኩበት ሳጥን) መልእክቶች ያሉበትን ፋይል ከፈትኩት። ፖርት 12 ወደቀ። ፖርት 12 ተነሳ። ፖርት 12 ወደቀ። አንድ ሰው ላፕቶፑን እየዘጋና እየከፈተ ነው እኮ! በየመልእክቱ ግንባር ላይ ደግሞ 189 የምትል ንቅሳት አለች። ለካ ሂሳብ ነው፦ የላኪው ምድብ 23 በ8 ተባዝቶ፣ የክብደቱ ደረጃ 5 ተደምሮበት። ደረጃው ከ0 እስከ 7 ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጣጣው ይብሳል። 0 ማለት «አለቀልን» ነው። 5 ማለት «እንዲያው ለወጉ ልንገርህ» ነው። 7 ላይ ደግሞ መሣሪያው ያሰበውን ሁሉ ይለፈልፋል፤ ስዊቹን 7 ላይ ረስቶ የሄደው ማን እንደሆነ ባንነጋገር ይሻላል (እኔ ነኝ)።

ኤሪክ ኦልማን በ1980ዎቹ ሲፈጥርዎ ለሴንድሜይል፣ ለኢሜይል ማመላለሻው ፕሮግራም፣ ማስታወሻ እንዲይዙ ነበር። አሁን ራውተሩም፣ ስዊቹም፣ ፋየርዎሉም በእርስዎ አፍ ነው የሚያወራው። ይሁን፣ ያውሩ። ግን መልእክቱን በዩዲፒ (መድረሱን በማያረጋግጠው የመላኪያ ዘዴ) ፖርት ቁጥር 514 ወርውረው ዞር ይላሉ፣ አንድ ቀን እንኳን «ደረሰህ ወይ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። በቲኤልኤስ ምስጠራ ተሸፋፍነው በ6514 የሚመጡበት መንገድ ከተበጀ ቆይቷል፤ የእኛ አሮጌ ስዊች ግን ወሬውም አልደረሰው።

የቆጨኝን ልንገርዎ። ባለፈው ዋናው ገመድ ሲቋረጥ ከእርስዎ አንዲት ቃል ጠፋች። የነገረኝ ተጠቃሚ ነው፣ ደውሎ «ኢንተርኔት የለም» አለኝ። ስዊቹን በቀጥታ የማናግርበትን ኮንሶል ገመዴን ይዤ ስዊቹ ድረስ ሮጥኩ። የስዊቹን ሎግ ሳይ መልእክቱ እዚያው ቁጭ ብሏል። ለካ ጽፈውልኝ ነበር! «ገመዱ ወደቀ» የሚለውን መልእክት የላኩት በወደቀው ገመድ ነው። ቀኑ ደግሞ ማርች 1 ይላል፣ ዓመት የለውም። ስዊቹ ጠፍቶ ከተነሳ በኋላ ሰዓቱን የሚያስተካክልለት ኤንቲፒ ስላላገኘ ለካ 1993 ላይ ሆኖ ነው የሚጽፍልኝ።

ለማንኛውም ደረጃውን ከ7 ወደ 4 አውርጄዋለሁ። ቅር ካለዎት በደረጃ 3 ይጻፉልኝ፣ በ5 ቢጽፉ አይደርሰኝም።

ዲስክ የሞላበት