ሆዴን አሞኝ አይደለም

ባለፈው ክረምት፣ እሑድ ማለዳ፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ከታችኛው ፎቅ ያሉት እማማ ናቸው። በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ሰብስበዋል፤ በሌላው ፌጦ የተበጠበጠበት ብርጭቆ ይዘዋል።

«ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ‹ሆዴ፣ ሆዴ› ስትል ሰማሁህ። ምን በልተህ ነው?»

ምን ይባላል? የ47 ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ «የለም እማማ፣ ዘፈን እየጻፍኩ ነው» አይልም። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ተቀብዬ እፊታቸው ጨለጥኩት። «እግዜር ይማርህ» ብለው ወረዱ። ሆዴን ያመመኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ቀን ቀን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት ደረሰኝ አመሳክራለሁ። ማታ ማታ ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የዘፈን ግጥምና ዜማ እደርሳለሁ። እስከ ዛሬ ሰው ፊት የተዘፈነልኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የዘፈንኩት ራሴ ነኝ፤ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ዲጄው ዝም ባለበት ሰዓት። መብራቱ ሲመጣ ያን ያህል ሰው በአንድ ላይ ሲያጨበጭብ ሰምቼ አላውቅም።

ልክፍቱ የጀመረኝ በካሴት ዘመን ነው። ሌላው ልጅ ዘፈኑን ሲሰማ እኔ ሽፋኑን አነብ ነበር። «ግጥም፦ እገሌ። ዜማ፦ እገሌ። ቅንብር፦ እገሌ።» ከሥር ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ልዩ ምስጋና» የሚል አለ፤ ሻይ ያፈላችው ሳትቀር ትመሰገናለች። ዘፋኝ የመሆን ምኞት ኖሮኝ አያውቅም። እኔ የተመኘሁት እዚያች ወረቀት ላይ መግባት ነው። ልገባ ስደርስ ካሴት ጠፋ።

ወደ ሆዴ ልመለስ። ያለ ሆድ የአማርኛ ዘፈን አይጻፍም። የዘፈናችን ቃላት ለበዓል የታረደ የበግ ብልት ይመስላሉ፦ ሆድ አለ፣ አንጀት አለ፣ ዐይን አለ፣ ልብ አለ። ጉበትና ኩላሊት ለልኳንዳ ቤት ተተዉ። አንድ ቀን ለለውጥ ያህል «ኩላሊቴ» ብዬ ብጀምር ባለቤቴ «ውሃ ጠጣ» አለችኝ።

ደግሞ ነገሩ በጣት የሚቆጠር ነው። የወል ቤት የሚሉት የግጥም ልክ ስድስት ለስድስት ቀለም ነው፤ ሰንጎ መገን የሚሉት አምስት ለአምስት። ሐዘንህ ሰባት ከሆነ አንዷን ቆርጠህ ትጥላለህ። መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ጣቶቼ ሲንቀሳቀሱ ያየ አለቃ ሒሳብ የማወራርድ ይመስለዋል፤ አንዴ ስብሰባ ላይ በትጋቴ አመስግኖኛል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ያገኘሁት ግኝት ሌላ ነበር፦ «ኮንዶሚኒየሜ» የሚለው ቃል ብቻውን ስድስት ነው፤ ግማሽ ስንኝ ይበላል። እስከ ዛሬ ስለ ጎጆ የሚዘፈነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከቆጠራው የባሰው ችግሬ ግን ማንም አለመክዳቱ ነው። በትዳር 16 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ አልከዳችኝም፣ ጥላኝ አልሄደችም፣ ባሕር አልተሻገረችም። ከመሥሪያ ቤቷ ወጥታ በ11 ሰዓት ተኩል እቤት ናት። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኜ ነው እንዲህ ብዬ የጻፍኩት፦

ሆዴ ተከፋብኝ መንገድሽን እያየሁ፣
ዐይኔም እንባ አቅርሮ ስንት ሌሊት ቆየሁ።

ጮክ ብዬ ሳነበው ከጓዳ ድምፅ መጣ። «የማንን መንገድ ነው የምታየው? እኔ እዚህ ነኝ፤ ሽንኩርት ላጥልኝ።» ሽንኩርቱን ስልጥ እንባው መጣ፤ የግጥሙ ግማሽ እውነት ሆነ።

ዜማ የሚመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ የሚለው ሚኒባስ መጨረሻ ወንበር ላይ። ስልኬን አፌ ሥር ደብቄ አንጎራጉራለሁ። ሰው በቴሌግራም ድምፅ የምልክ ይመስለዋል፤ አጠገቤ ያለው ጆሮውን ጣል ሲያደርግ «ላ ላይ ላይ» ብቻ ስለሚሰማ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። ማታ ስከፍተው ከመካከል «ሒሳብ ከኋላ! ወራጅ አለ? ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል። የሚያሳፍረው፣ ከሁለታችን ቅኝቱን ሳይስት የሚዘልቀው ረዳቱ ነው።

እንዲህ ያለ ቅጂ ስልኬ ውስጥ 312 አለኝ። ይሰረቅብኝ ይሆን ብዬ የቅጂ መብት አዋጁን ሳይቀር አነበብኩ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግ አዋጅ ነው፤ ሥራው ወጥ ከሆነና ከተቀረጸ፣ ባይመዘገብም ጥበቃ ያገኛል ይላል። ጥቅሙ ደግሞ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የደራሲው ነው። ልጆቼ «ላ ላይ ላይ»ን ሲወርሱ ታየኝ። የከበደችኝ «ወጥ» የምትለዋ ቃል ናት። እኛ ቤት ወጥ የምትሠራው ባለቤቴ ናት።

የሷ ጆሮ ጉምሩክ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ዜማ አላሳለፈችልኝም። ሁለት መስመር ሳልዘልቅ «ይሄ የጥላሁን ነው» ትላለች። አስተካክዬ እመጣለሁ፤ «አሁን ደግሞ የማህሙድ አደረግኸው።» ባለፈው ዓመት አንድ፣ ከየትም ያልመጣ የሚመስለኝ ዜማ ነበረኝ፤ ሦስት ሌሊት ያልተኛሁለት። ዐይኗን ጨፍና ሰማችና «ይሄ የልጆቹ ትምህርት ቤት ደወል ነው» አለችኝ። ነው።

«ተጽዕኖ ይባላል» ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ወላጅ ያጡ አርባ የአርመን ልጆች የትንፋሽ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ እንዳስመጧቸው፣ ከነሱ ጋር የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደ ደረሰ አጫወትኳት። «አየሽ፣ ብሔራዊ መዝሙራችን ሳይቀር ከሌላ ሰው ጋር የመጣ ነው።»

አዳመጠችኝ። «እነሱ ጡሩምባቸውን ይዘው መጡ» አለች። «አንተ ምን ይዘህ መጣህ?»

በማግስቱ ክራር ይዤ መጣሁ።

ከቸርችል ጎዳና፣ የባህል ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ነው የገዛሁት። ቆዳ ለብሷል፣ ዛጎል ዞሮታል፣ ስድስት ክር አለው፤ ከጀርባው ደግሞ የሽቦ ቀለበት። ቀለበቱ ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ኮራሁ። እቤት ገብቼ አንዱን ክር ሳጠብቅ ሁለተኛው ይላላል፤ ሁለተኛውን ስመልስ መቃኛው እጄ ላይ ይቀራል። ትዝታ ብዬ ጀመርኩ፣ ባቲ ሞከርኩ፣ አምባሰልን አልፌ አንቺሆዬ ደረስኩ፤ ከአራቱ የማንኛውም ያልሆነ አምስተኛ ቅኝት አገኘሁ። በሳምንቱ ቀለበቱ ምን እንደሆነ ገባኝና ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንግዳ መጥቶ «ትጫወታለህ እንዴ?» ሲለኝ «ድሮ» እላለሁ።

ያዳነኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሮጌ ኪቦርዱን አውሶኝ ሲወጣ «ጋሼ፣ ነጩን አትንካ» አለኝ። «ጥቁሮቹን ብቻ። ሦስት ሆነው ከተቀመጡት ከመጀመሪያው ከተነሳህ ትዝታ ነው፤ ሁለት ከሆኑት ከሁለተኛው ከተነሳህ ባቲ።» እውነቱን ነው። በአምስት ጥቁር ቁልፍ ሰው ፊት የሚያስቀርብ ነገር ይወጣል። አምባሰልና አንቺሆዬ ነጩን ስለሚፈልጉ ለባለሙያ ትቻቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊትም መሥራት ጀመርኩ። ድሮ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ያንን ጥሶ ነው ማሳተም የጀመረው። እኔን የሚከለክል አዋጅ የለም። ሰዓት እላፊ ያወጁብኝ እማማ ናቸው፤ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ሦስት ጊዜ ይመታሉ። እሳቸውም ከረዳቱ አያንሱም፣ ምት አይስቱም።

አንዴ ለአንድ ዘፋኝ ግጥም ሰጥቼ ነበር። «ይመቻል፣ እደውልልሃለሁ» አለኝ። ስልኬን ቀይሬ አላውቅም።

በመጨረሻ ባለቤቴን ለመንኳት። «ልጆቹ ትምህርት የላቸውም፤ ለሁለት ሳምንት ሽሮ ሜዳ እናትሽ ጋ ሂጂልኝ።»

«ምን አድርጌህ?»

«ምንም። ልናፍቅሽ ፈልጌ ነው።»

እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳቴን ለካች። ከዚያ ሻንጣዋን አዘጋጀች፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከጠበቅሁት በላይ ፈጠነች።

የመጀመሪያው ማታ ደብተሬን ዘርግቼ ናፍቆትን ጠበቅሁ። ቀድሞ የመጣው ረሃብ ነው። እንጀራው በየትኛው መሶብ እንዳለ ስፈልግ ስልኩ ጮኸ፤ እሷ ናት። «በላህ?» በሁለተኛው ማታም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ሰው በየማታው በአንድ ሰዓት እየደወለ እንዴት ይናፈቃል?

በአራተኛው ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ሽሮ ጥጄ፣ ኪቦርዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥቁሮቹን እየነካካሁ ሳለ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፦

ጋዙን ዘጋኸው ወይ? ልብሱን አስገባኸው?
ሽሮው እንዳያርብህ እሳቱን ቀነስከው?

ጣቶቼ በራሳቸው ተነሱ። ስድስት። ስድስት። ድጋሚ ቆጠርኩ፤ ስድስት፣ ስድስት፤ ቤቱም ይመታል። ይህን ሁሉ ዓመት ጠረጴዛ ሥር በጣቴ ስፈልገው የኖርኩትን እሷ በአንድ ትንፋሽ፣ ስለ ሽሮ ስታስብ አወጣችው። «ድገሚልኝ» አልኳት። «ደንቆሮ፣ እሳቱን ቀንስ!» ብላ ዘጋችው። ይሄኛው መስመር አይገባም።

ባቲ ላይ አስቀመጥኩት። አንዴ ዘፈንኩት፣ አሥር ጊዜ ዘፈንኩት። በአሥራ አንደኛው ላይ ቤቱ ጭስ ሆነ፣ በሩም ተንኳኳ።

«ልጄ» አሉ እማማ፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ «ዛሬ ደግሞ ምንህ ተቃጠለ?»

«ሽሮ ነው እማማ።»

«ተመስገን» ብለው ወረዱ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ከነልጆቹ ተመለሰች። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ አስቀምጬ ዘፈንኩላት። ጉምሩኩ ዝም አለ። አንዱን አዝማች አሳለፈች፣ ሁለተኛውንም። ያረረውን ድስት ጭኗ ላይ እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ዜማው የጥላሁን ነው» አለች ቆይታ። «ግጥሙ ግን የኔ ነው።»

ስቆጥረው ትክክል ነው። «እኔስ ታዲያ? እኔ የት ነው የምገባው?»

ድስቱን በጥፍሯ ፈቅፈቅ እያደረገች አሰበችበት።

«ልዩ ምስጋና ላይ አስገባሃለሁ» አለች። «ከእማማ ቀጥሎ።»